ለምን ዘመመ? የሜክሲኮ ሲቲ ካቴድራልና ከሥሩ የተቀበረው ሐይቅ

አዲስ አበባ ኖሮ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የታክሲ ረዳት ድምፅ ያልሰማ የለም። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ደግሞ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። 3ኛው መስመር ላይ ነው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ስሙ እንዲያው የተሰጠ አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን አንቀበልም ካሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። የእኛ አደባባይም፣ የእነሱ ጣቢያም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ናቸው።

ከ«ኢትዮጵያ» ጣቢያ ተሳፍራችሁ ወደ ሰሜን ስድስት ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ኢዳልጎ የሚባለው ላይ ወርዳችሁ 2ኛውን መስመር ትይዛላችሁ። በሦስተኛው ጣቢያ ሶካሎ ትደርሳላችሁ። ደረጃውን ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ሰፊ አደባባይ፣ ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ ግራጫማ ድንጋይ የለበሰ ግዙፍ ካቴድራል ታያላችሁ።

ትንሽ ቆም ብሎ ላየው ዓይን አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ሕንፃው ቀጥ አላለም። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ወለሉ ራሱ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል እግራችሁ ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው ምክንያቱን ከእርጅና ወይም ከመሬት መንቀጥቀጥ ያያይዘዋል። ቀድሞ እዚያ ኖረው በስፔኖች የተሸነፉት ሰዎች እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። ዋናው ምክንያት ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። መልሱ ያለው ከመሬት በታች ነው። በ2024 ዓለምን ከዞረው «ሜክሲኮ ሲቲ ውሃ ሊያልቅባት ነው» ከሚለው ዜና ጋርም ቀጥታ ይገናኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ካቴድራል ማለት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው?

አይደለም። ቃሉ የመጣው «ካቴድራ» ከሚለው ነው፤ ወንበር ማለት ነው። የጳጳሱ ወንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል ይባላል። እኛ «መንበረ ፓትርያርክ» ስንል የምንይዘው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ጠባብ ሆኖ ካቴድራል የሆነ አለ፤ ግዙፍ ሆኖም ያልሆነ አለ። ሮም ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሮም ካቴድራል አይደለም። የሮም ጳጳስ መንበር ያለው ቅዱስ ዮሐንስ ዘላተራን ነው።

የሜክሲኮ ሲቲው ካቴድራል የሊቀ ጳጳሱ መንበር ነው። ግንባታው በ1573 ተጀምሮ በ1813 አለቀ። 240 ዓመት ማለት ነው። መሠረቱን የጣለው ግንበኛ የልጅ ልጅ ልጁም መጨረሻውን አላየም። የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣው ክላውዲዮ ዴ አርሲንየጋ ነው። በደወል ቅርጽ የተሠሩትን የማማዎቹን አናቶች ሆሴ ዳሚያን ኦርቲስ ዴ ካስትሮ ሠራቸው። ማኑዌል ቶልሳ ጉልላቱንና የፊት ለፊቱን ሰዓት ጨምሮ ጨረሰው። ድንጋዩን የተሸከሙትና የጠረቡት ግን በአብዛኛው የአገሬው ተወላጆች ናቸው። የእነሱን ስም የመዘገበ የለም።

ስፔኖችን ሐይቅ ላይ ምን አስኬዳቸው?

ከስፔኖች በፊት እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ከተማ ነበር። ቴኖችቲትላን ይባላል። በ1325 የቆረቆሩት ብዙዎቻችን አዝቴክ ብለን የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ራሳቸውን ሜሺካ ይሉ ነበር፤ «ሜክሲኮ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከተማው ቴሽኮኮ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ያለ ደሴት ላይ ነበር። ከየብስ ጋር የሚያገናኙት ረጃጅም የድልድል መንገዶች ነበሩ። እህልና አትክልት ደግሞ ከሐይቁ ጭቃ በተደለደሉ መደቦች ላይ ይመረት ነበር።

መሐል ላይ የቤተ መቅደሶች ግቢ ነበር። ትልቁ መቅደስ አናቱ ላይ ሁለት ቤቶች ነበሩት። አንዱ የጦርነት አምላካቸው የዊትሲሎፖችትሊ፣ ሌላው የዝናብ አምላካቸው የትላሎክ ነው። መቅደሱ ሰባት ጊዜ ተሠርቷል። የቀድሞው ሳይፈርስ አዲሱ በላዩ ላይ ይገነባል፤ ልክ ጋቢ ላይ ጋቢ እንደ መደረብ። መሬቱ ያኔም እየሰመጠ ስላስቸገራቸው ደጋግሞ ከፍ ማድረጉ ግድ ነበር። ሜሺካዎች ችግሩን ከስፔኖች በፊት ያውቁት ነበር።

ኤርናን ኮርቴስ ከስፔን ወታደሮቹና በሺዎች ከሚቆጠሩ የአገሬው አጋሮቹ ጋር ከተማዋን ከቦ ነሐሴ ወር 1521 ላይ ያዛት። ከዚያ ከተማዋን አፍርሶ አዲሷን ዋና ከተማ እዚያው ላይ ሠራ። ደረቅ መሬት በየዳርቻው ሞልቶ ነበር። ግን ያሸነፍከው ሰው መቅደስ ላይ ስትቆም ነው «ጌታው እኔ ነኝ» የሚለው የሚሰማ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የተጀመረችው የመጀመሪያዋ አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ከፈረሰው መቅደስ ድንጋይ ተሠራች። የዛሬው ካቴድራል የተሠራው በእሷ ምትክ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የተቀበረው ከተማ አልጠፋም። እስከ ዛሬ የካቴድራሉን ወለል ቅርጽ የሚያወጣው እሱ ነው። እንዴት? ወደዚያው ልምጣ።

አፈሩ ምን ዓይነት ነው?

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ዙሪያዋ ተራራ ነው። ውሃው መውጫ ስላልነበረው ሸለቆው ውስጥ ሐይቅ ሆነ። ከእሳተ ገሞራዎቹ የተነሳው አመድ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሐይቁ ሥር እየተደላደለ ሸክላ አፈር ሆነ።

ይሄ ሸክላ ጉድ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር አራት ኪሎ ያህል ውሃ ይዞ የሚገኝበት ቦታ አለ። መሬት ከማለት ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ማለት ይቀላል። ውሃው በአፈሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ስላለ ክብደቱን ያግዛል። ውሃው ከወጣ አፈሩ ይጨመቃል።

አዲስ አበባ መረሬ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው «አውቀዋለሁ» ሊል ይችላል። ግን ልዩነት አለ። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲመለስ ክረምት ደግሞ ያብጣል። የሜክሲኮው ሸክላ አንዴ ከተጨመቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። ውሃ ብትመልሱለትም የጠፋውን ከፍታ አይመልስም።

ታዲያ ሁሉም እኩል ከሰመጠ ምን ችግር አለው?

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። እኩል ቢሰምጥ ካቴድራሉ ደረጃው ይቀንስ ነበር እንጂ አይዘምም። የሰመጠው ግን እኩል አይደለም።

ለዓመታት የተተኛበትን የስፖንጅ ፍራሽ አስቡ። ሰውየው የሚተኛበት ጎን ተጨፍልቆ ጠንክሯል። ማንም ያልነካው ጎን ገና ለስላሳ ነው። አሁን ከባድ ቁም ሳጥን አምጥታችሁ ግማሹን በጠነከረው፣ ግማሹን በለስላሳው ላይ አቁሙ። ለስላሳው ወገን ይገባል፤ ቁም ሳጥኑ ያዘነብላል።

የሜሺካ መቅደሶች ያ የተኛው ሰው ናቸው። ለ200 ዓመት ገደማ ከሥራቸው ያለውን ሸክላ ጨምቀው አጠነከሩት። ካቴድራሉ ሲሠራ ከፊሉ ቀድሞ በተጨመቀ መሬት ላይ አረፈ፤ ከፊሉ ደግሞ ባልተጨመቀው ላይ። በ1989 በተለካ ጊዜ በመሠዊያው ጀርባ ባለው በኩልና በምዕራቡ ማማ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 2.4 ሜትር ደርሶ ነበር። ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ከፍታ ነው።

ግንበኞቹ ሞኞች አልነበሩም። ከመሠረቱ በፊት ከ20 ሺህ በላይ የእንጨት ችካሎች መሬቱ ውስጥ መቱ። በላዩ ላይ ሰፊ የድንጋይ መደብ ዘረጉ። ሥራው ላይ እያሉም መስመጡ ይታያቸው ነበር። ስለዚህ በሚሰምጠው ወገን ምሰሶዎቹን ረዘም አድርገው ሠሩ፤ ላይኛው ክፍል ውሃ ልኩን እንዲጠብቅ። የኛም ግንበኛ ቱንቢ ጥሎ ግድግዳው ሲያጋድል ካየ የሚቀጥለውን ድርድር አስተካክሎ ይቀጥላል። እነሱም እንደዚያው ለ240 ዓመት እያስተካከሉ ገነቡ።

ከተማዋ የራሷን መሬት የጠጣችው እንዴት ነው?

ስፔኖች ሐይቁን እንደ ጠላት አዩት። በ1629 የመጣው ጎርፍ ለአምስት ዓመት ገደማ አልሄደም። ከተማው ውሃ ውስጥ ሲሆን በካቴድራሉ አካባቢ ያለው ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ደረቅ ቀረ። ውሾች ሁሉ እዚያ ተሰበሰቡና «የውሾች ደሴት» የሚል ስም ወጣለት። ልብ በሉ፤ ያን ቦታ ከፍ ያደረገው ከሥሩ ያለው የሜሺካዎች ፍርስራሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ሐይቁን ማፍሰስ ሆነ። በ1900 ትልቁ ቦይ ተመርቆ የሸለቆውን ውሃ ወደ ውጭ ያስወጣ ጀመር። ሐይቁ ደረቀ። ከተማዋ ደግሞ አደገች፤ የሚጠጣ ውሃ ፈለገች። በጥልቅ ጉድጓድ ከመሬት ሥር መሳብ ተጀመረ። ዛሬም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃዋ ከዚያ ነው።

ውሃው ከሥር ሲሳብ ላይ ያለው ሸክላም ውሃውን ይለቃል። ከዚያ ይጨመቃል። በ1940ዎቹ መሐንዲሱ ናቦር ካሪዮ ይህንን በስሌት አሳየ፤ ከተማዋን የሚያሰምጣት የምትስበው ውሃ ነው። መሳቡ ግን አልቆመም፤ ሰው ይጠማዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ መሐል ከተማው በአንዳንድ ቦታ 9 ሜትር ገደማ ወረደ። ሦስት ፎቅ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ነገር ተበላሸ። ያ በ1900 የተመረቀው ቦይ ቁልቁለቱን አጣ፤ ውሃው በራሱ አልሄድ ሲል በፓምፕ መግፋት ግድ ሆነ። በ1910 የቆመው የነፃነት መልአክ ሐውልት ደግሞ ጥልቅ መሠረት ስላለው እሱ ሳይሰምጥ ዙሪያው ሰመጠ። ወደ ሐውልቱ ለመውጣት 14 ደረጃ መጨመር ነበረበት። ዛሬም በአንዳንድ ሰፈሮች መሬቱ በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ሐይቅ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በ2024 ግን ነዋሪዎቿ የውሃ ቦቴ ይጠብቁ ነበር።

የዘመመ ሕንፃ እንዴት ይቃናል?

የሚወላገድ ጠረጴዛ ሲያጋጥመን ካርቶን አጥፈን አጭሩ እግር ሥር እንሸጉጣለን። ካቴድራል ግን ከፍ አድርጎ ከሥሩ መሸጎጥ አይቻልም፤ ይፈርሳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተቃራኒውን አደረጉ። ረጅሙን እግር አሳጠሩ።

ሥራው ከ1993 እስከ 1998 ተካሄደ። መጀመሪያ ሕንፃው ውስጥ በብረት ድጋፍ አሰሩለት፤ ለዓመታት ካቴድራሉ ውስጡ የብረት ጫካ መስሎ ነበር። ቀጥሎ 32 ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሠራተኞች ወደ ጉድጓዶቹ ወረዱ። ከዚያ ወደ ጎን በቀጭን ቱቦ ሸክላውን በጥቂት በጥቂቱ አወጡ። የወጣበት ባዶ ቦታ በክብደቱ ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ወገን በዝግታ ይወርዳል። በየቀኑ ይለካል። እንደገና ትንሽ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ከ4,200 ሜትር ኪዩብ በላይ አፈር ወጣ።

ካቴድራሉ ፍጹም ቀጥ አላለም፤ ያ አልተፈለገምም። ከብዙ አስርት ዓመታት በፊት ወደነበረበት ደረጃ ተመለሰ፤ ከመውደቅ አደጋም ራቀ። ከዚያ በለስላሳው ወገን መሬቱ ውስጥ ሞርታር ተገፍቶ እንዲጠነክር ተደረገ። ጣሊያን ያለው የፒሳ ማማም ከጥቂት ዓመት በኋላ የተረፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከቆመው ወገን አፈር በማውጣት።

አንድ ሕንፃ ለማዳን ማፍረስን ያህል የሚያስፈራ ሥራ ሠርተው ተሳካላቸው። ለእኔ ከወርቁ መሠዊያ በላይ የሚደነቀው ይሄ ነው።

ስትገቡ ምን ታያላችሁ?

መግቢያው በነፃ ነው። ጫማ አይወለቅም፤ ባርኔጣ ግን ይወልቃል። ቅዳሴ ላይ ከሆነ መዞሩን ትታችሁ ቆዩ። ሰዉ ለጸሎት የሚመጣበት ቤት ነው፤ ሙዚየም አይደለም።

ልክ እንደገባችሁ የይቅርታ መሠዊያ የሚባለው ይቀበላችኋል። በጥር 1967 በኤሌክትሪክ ምክንያት በተነሳ እሳት ክፉኛ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ከጀርባው መሐል ላይ በእንጨት የታጠረ የዘማሪዎች ቦታ አለ። ቅኔ ማህሌታችንን ያስታውሳል፤ ካህናቱ ለዜማ የሚቆሙበት ነው። በግራና በቀኙ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ግዙፍ ኦርጋኖች አሉ። ጫፍ ላይ ደግሞ የነገሥታት መሠዊያ ነው። ሄሮኒሞ ዴ ባልባስ በ1718 ጀምሮ ዓመታት የፈጀበት ሥራ ነው። ከላይ እስከ ታች ወርቅ ተለብጧል፤ «የወርቅ ዋሻ» ይሉታል። በጎንና ጎን 16 ጸሎት ቤቶች አሉ። የቅዱስ ፌሊፔው ውስጥ ከስፔን ነፃ የወጣችው ሜክሲኮ የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት አጉስቲን ዴ ኢቱርቢዴ ተቀብሯል።

ከውጭ ሰዓቱ አጠገብ የእምነት፣ የተስፋና የፍቅር ሐውልቶች ቆመው ነበር። በመስከረም 2017 የመሬት መንቀጥቀጥ የተስፋ ሐውልት ወደቀች።

ግቢው ወለል ላይ በመስታወት የተሸፈኑ መስኮቶች አሉ። አጎንብሳችሁ እዩ፤ ከሥር የቆየ ድንጋይ ይታያል። በ1790 አደባባዩ ሲደለደል የወጣው ታዋቂው የፀሐይ ድንጋይም እስከ 1885 በምዕራቡ ማማ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው። ትልቁ መቅደስ በሰፊው ተቆፍሮ መውጣት የጀመረው ደግሞ በ1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሲቆፍሩ የጨረቃ አምላክ የተቀረጸችበትን ክብ ድንጋይ ሲነኩ ነው። ስፋቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ፍርስራሹ ከካቴድራሉ ጀርባ በስተምሥራቅ ክፍት ነው። በ2015 ካቴድራሉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የራስ ቅሎች የተደረደሩበት ግንብ ተገኝቷል። ያም የዚያ ግቢ አካል ነበር።

ከሁሉም ግን አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ጉልላቱ ሥር ቁሙና ወደ ላይ እዩ። ከጣሪያው ረጅም ገመድ ወርዷል፤ ጫፉ ላይ ከባድ ቱንቢ ተንጠልጥሏል። ግንበኛ ኪሱ የሚይዘው ቱንቢ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ቱንቢው ሁልጊዜ ወደ መሬት ቀጥ ይላል። የሚንቀሳቀሰው ከሥሩ ያለው ወለል ነው። ወለሉ ላይ በየዘመኑ ቱንቢው ይጠቁምበት የነበረው ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። መስመሩ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ ማስተካከያው የተሠራባቸው ዓመታት ላይ ይታጠፍና ወደ መጣበት ይመለሳል።

አሁንስ መስመጡ ቆሟል?

አልቆመም። ከተማው ውሃ እስከሳበ ድረስ ካቴድራሉም ከከተማው ጋር ይወርዳል። የተለወጠው ነገር የቀድሞውን ያህል ወደ አንድ ወገን አለማዘንበሉ ነው። መሐንዲሶች ዛሬም ወለሉንና ምሰሶዎቹን ይለካሉ። ቱንቢውም እንደተንጠለጠለ ነው።